ሳይነኩት የሚያጉረመርም ቤዝ

ቤዝ ጊታሩን የሠራነው ከዋንዛ ነው። ጣውላውን የሰጠን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለ አንድ አናጺ ነው፤ ለቁም ሣጥን ካስቀመጠው ላይ ቆርጦ። አንገቱን ካረጀ ሌላ ጊታር ነቀልን። ፒክአፖቹና (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ክፍሎች) ማዞሪያዎቹ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጡ። ቅዳሜና እሑድ እየተገናኘን፣ በመሮ እየፈለፈልን፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸን ሦስት ወር ከረምን። ክሩን የወጠርን ቀን ጓደኛዬ ቡና አስፈላ። ገመዱን ሰካሁ፤ አምፕሊፋየሩን አበራሁ። ገና ጣቴን ሳላሳርፍ ሳጥኑ «ኡምምምም» አለ።

«ማን ነክቶት ነው የሚዘፍነው?» አለ ጓደኛዬ ስኒውን እንደያዘ።

ክሩን ያዝኩት፤ ድምፁ ቀነሰ። ለቀቅኩት፤ ተመልሶ መጣ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ትንሽ ተለወጠ። ሁለታችንም ተያየን።

ያን ጉርምርምታ ለመግራት አራት ወር ፈጀብኝ። ቤዙን ከመሥራት በላይ መሆኑ ነው። ጊዜዬን የበላው ሥራው አልነበረም። ምን እንደማጠፋ ሳላውቅ ማጥፋት መጀመሬ ነው የበላው። የእኔን አራት ወር ወደ አንድ ቅዳሜ ላሳጥርላችሁ።

ድምፁ ከየት ይገባል?

ፒክአፕ ውስጡ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ማግኔት አለ፤ በዙሪያው ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ዙር ተጠምጥሟል። የሽቦው ውፍረት 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በላዩ የሚያልፈው ክር ብረት ነው። ክሩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ይረብሸዋል። መስኩ ሲረበሽ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ማይክል ፋራዳይ ይህን ያሳየው በ1831 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ በገመድ ሄዳ አምፕሊፋየሩ ጋ ትደርሳለች። እሱ ያባዛታል፤ እኛ ቤዝ ሰማን እንላለን።

ችግሩ ሽቦው አለማዳላቱ ነው። የክሩን ወሬ ብቻ ልስማ አይልም። በአካባቢው የሚመላለስ ማንኛውንም ነገር ይሰማል። በአካባቢው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው የግድግዳው መብራት ነው። ከጢስ ዓባይ ይምጣ ከጣና በለስ፣ ሶኬታችን ላይ የሚደርሰው 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል። 50 ሄርዝ የሚባለው እሱ ነው።

ቤዝ ለሚጫወት ሰው ደግሞ 50 ሄርዝ ሩቅ አገር አይደለም። የወፍራሙን ክር ሦስተኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ብረት) ብትይዙ የሚወጣው ጂ የሚባለው ድምፅ 49 ሄርዝ ነው። ከግድግዳው በአንድ ብቻ ያንሳል። ስለዚህ ቤዛችሁ እያጉረመረመ ይህን ድምፅ ብትጫወቱ ሁለቱ ይጋጫሉ። ድምፁ በየሰከንዱ አንዴ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ስፒከር ላይ ከሆነ እጥፎቹ ማለትም 98 እና 100 ናቸው ጎልተው የሚሰሙት፤ ያኔ በሰከንድ ሁለቴ ይወዘወዛል። እኔ መጀመሪያ አንገቱን ጠረጠርኩ። ክሩንም ቀየርኩ። ለካ ከመብራቱ ጋር ነው ዱዌት የምዘፍነው።

ይህ የመብራት ድምፅ ወደ ቤዙ የሚገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ሁለቱን አለመለየት ነው ሰውን የሚያደክመው።

አንደኛው በኤሌክትሪክ መስክ በኩል ነው። ሁለት ብረት ተቀራርቦ በመካከላቸው አየር ካለ፣ ሳይነካኩም ጥቂት ተመላላሽ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል። የግድግዳው ሽቦ አንዱ ብረት ነው፤ ቤዙ ውስጥ ያለው ሽቦ ሌላው። የሚተላለፈው ከምንም የማይቆጠር ነው። ግን የቤዙ ማዞሪያዎች፣ ጠጋኞች «ቮሊዩም» የሚሏቸው፣ ብዙውን ጊዜ 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም ናቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ተቃውሞ ላይ ትንሿም ኤሌክትሪክ የምትሰማ ቮልት ትሆናለች። የእጅ ስልክ ቻርጀር፣ ዲመር (መብራት ማደብዘዣ)፣ የሚያንጸባርቀው ረጅም የፍሎረሰንት መብራት በዚሁ መንገድ ይገባሉ። የእነሱ ድምፅ «ኡም» ሳይሆን «ዝዝዝዝ» ነው፤ እንደ ንብ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይገምተው አንድ ነገር አለ። ትልቁ አንቴና ቤዙ ሳይሆን ተጫዋቹ ነው። ሰው ማለት ጨውና ውኃ የሞላበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ረጅም ነገር ነው። ከግድግዳው የተቀበለውን ሆዱ ላይ ለተደገፈው ቤዝ ያቀብላል። ክሩን ሲይዝ ግን፣ ክሩ ከቤዙ ግራውንድ፣ ማለትም ከጋራ መመለሻ ሽቦው ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ ሰውነቱ ላይ ያለው በዚያ ይፈስሳል። ክሩን ስይዝ ድምፁ የቀነሰው ለዚህ ነበር። «እጅህ ፈውስ አለው» ብሎ ጓደኛዬ ሲቀልድ በሽታውም እኔ መሆኔን አላወቀም።

ሁለተኛው መንገድ በማግኔት መስክ በኩል ነው። ትራንስፎርመር፣ ማራገቢያ፣ የፍሪጅ ሞተር፣ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ኃይል ክፍል ሁሉ በዙሪያቸው የሚመላለስ ማግኔታዊ መስክ አላቸው። ፒክአፑ የተሠራው ይህንኑ ለመስማት ነው። ይሰማዋል።

ካቻቪቴ ከማንሳታችሁ በፊት

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ የቤዙን ቮሊዩም እስከ ዜሮ ዝጉት። ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ የፒክአፑ ጥፋት አይደለም። ገመዱን፣ ጃኩን (ገመዱ የሚሰካበትን)፣ አምፕሊፋየሩን ወይም የቤቱን መስመር ፈትሹ። ቮሊዩሙ ሲዘጋ ድምፁ አብሮ ከጠፋ፣ የሚገባው ከፒክአፑ ወይም ከማዞሪያዎቹ በፊት ካለው ሽቦ ነው።

ቀጥሎ ክሩን ያዙ። ከቀነሰ የክሩ ግራውንድ ይሠራል፤ የጎደለው ጋሻ፣ ማለትም የብረት ሽፋን ነው። ምንም ካልተለወጠ ክሩ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘ ይሆናል። ከጨመረ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው መሆኑን መጠርጠር ነው። ይህ በቤት በተሠራ ቤዝ ላይ ብዙ ያጋጥማል፤ ሥዕሉን ከፊት አይተን ሽቦውን ከጀርባ ስለምንበይድ።

ከዚያ ቤዙን እንደታጠቃችሁ ቀስ ብላችሁ ክፍሉ ውስጥ ዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ፊታችሁን ስታዞሩ ድምፁ ጎልቶ፣ ሌላ ቦታ ላይ ጠፋ የሚል ከሆነ የማግኔት መስክ ነው። ዞራችሁም ዞራችሁም ያው ከሆነና የክፍሉን አምፖል ስታጠፉ «ዝዝታው» ከቀነሰ የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

እኔ ይህን አላደረግኩም። በቀጥታ ገበያ ሄጄ ፎይል ገዛሁ።

ፎይሉ

ጋሻ የምለው የኤሌክትሮኒክሱን ጓዳ በብረት መሸፈን ነው። ጓዳው ማለት ከቤዙ ጀርባ ወይም ከፊት ሳህኑ ሥር ፈልፍለን ማዞሪያዎቹንና ጃኩን የከተትንበት ጉድጓድ ነው። ፒክአፖቹ የሚቀመጡባቸው ጉድጓዶችም አሉ። ዋንዛ ለድምፅ ይመስገን እንጂ ለመብራት መስክ ወንፊት ነው። ያለ ከልካይ ያሳልፈዋል። በዙሪያው ብረት ካለ ግን ከግድግዳው የመጣው ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህንንም ያሳየው ያው ፋራዳይ ነው። በ1836 አንድ ክፍል በሙሉ በብረት ፎይል አልብሶ ከውጭ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት ውስጡ ምንም አልታየም።

ታዲያ እኔ የወጥ ቤቱን አልሙኒየም ፎይል በኮላ ለጠፍኩ። ቆንጆ አድርጌ። ማእዘኖቹን በጥፍሬ አስተካክዬ። ክዳኑን ዘጋሁ፤ አበራሁ። «ኡምምምም»። እንዲያውም የባሰ መሰለኝ።

ጊዮርጊስ አካባቢ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ቤዙን ታቅፌ ሄድኩ። ክዳኑን ፈቱ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ብረት ከምን ጋር አገናኘኸው?»

«ከእንጨቱ ጋር ነዋ ጋሼ። በኮላ።»

«እንግዲያማ አስጌጥከው እንጂ ምኑን ጋረድከው!»

ነገሩ ይኸው ነው። ብረቱ ላይ ያረፈው ኤሌክትሪክ መሄጃ ይፈልጋል። ፎይሉ ከግራውንድ ጋር ካልተገናኘ የተቀበለውን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያም አጠገቡ ላለው ሽቦ ያሻግራል። ሽቦው ከግድግዳው ከመቀበል ተርፎ አሁን ከጎኑ ካለ ሰፊ ብረት ይቀበላል ማለት ነው። ከግራውንድ ያልተገናኘ ጋሻ ከሌለው አይሻልም፤ አንዳንዴ ይብሳል።

ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩኝ። የቴስተራቸውን አንዱን ጫፍ አንዱ የፎይል ቁራጭ ላይ፣ ሌላውን ሌላው ቁራጭ ላይ አሳረፉ። ምንም አላለም። ቁራጮቹ ተደራርበዋል፤ ግን በመካከላቸው ኮላ አለ። ኮላ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የለጠፍኳቸው ሰባት ቁራጮች ሰባት ደሴቶች ነበሩ። አልሙኒየም ደግሞ በተራ ብየዳ እሺ አይልም፤ ላዩ ላይ ያለው ቀጭን ዝገት ሊዱን አያስይዝም። በአልሙኒየም የግድ ከሆነ ቁራጮቹን ሳይቆርጡ አንድ ወጥ አድርጎ ማጠፍ፣ ከዚያ ሽቦውን በሮንዴላና በትንሽ ብሎን ፎይሉ ላይ መጫን ነው።

ፎይሉን ፍቄ የመዳብ ቴፕ አስመጣሁ። መዳብ ይበየዳል። ማስቲሹ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ እሰየው። ካልሆነም፣ ወይም ካልታወቀ፣ በየመጋጠሚያው አንዲት የሊድ ጠብታ መጣል ነው። እኔ ማስቲሹ ያሳልፋል ቢባልም በየመጋጠሚያው ጠብታ ጣልኩ። የባሕር ዳርን ሙቀት አላምነውም፤ ሚያዝያ ላይ ማስቲሽ ይለቃል።

አለባበሱ ልብስ ከመስፋት አይለይም። ወለሉን መጀመሪያ፣ ከዚያ ግድግዳዎቹን። እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረብ። የጓዳው ግድግዳ ጫፍ ላይ ቴፑን ወደ ውጭ ትንሽ ማጠፍ፣ የክዳኑንም ውስጥ ማልበስ ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ሲዘጋ ሁለቱ መዳቦች እንዲሳሳሙ። ክዳን የሌለው ጋሻ ጣሪያ የሌለው ቤት ነው። የፒክአፖቹን ጉድጓዶችም አልብሶ በአንድ አጭር ሽቦ ከዋናው ጓዳ ጋር ማገናኘት ነው። ከዚያ ከመዳቡ አንዲት ሽቦ አውጥቶ የቮሊዩሙ ጀርባ ላይ፣ ሌሎቹ ግራውንዶች ወደተሰበሰቡበት መበየድ።

ቴፕ ያላገኘ በግራፋይት የተሠራ አስተላላፊ ቀለም ይቀባል። ሰው በቴስተር ሲለካው መቶ ምናምን ኦም ሲያሳየው ይደነግጣል። አያስደነግጥም። የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ያ ተቃውሞ አያግደውም። በመዳብ ግን ከጃኩ ግራውንድ እስከ ማንኛውም የጓዳው ጥግ ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት። እኔ ክዳኑን ሳልዘጋ በየጥጉ ለካሁ፤ አንዱ ጥግ ዝም አለኝ። እዚያች ላይ ጠብታ ዘልዬ ነበር።

ስለ ብየዳው አንድ ምክር። የቮሊዩሙ ጀርባ ሰፊ ብረት ነው፤ ሙቀት ይጠጣል። ለስልክ የሚሆን ደካማ መበየጃ ይዞ እዚያ ላይ መቆየት ውስጡን ያበስለዋል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርጎ፣ 40 ወይም 60 ዋት በሆነ መበየጃ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነክቶ መነሳት ነው። መብራት በመካከሉ ከሄደባችሁ ደግሞ ተስፋ ቆርጣችሁ በቀዘቀዘው አትታገሉ። ቡና ጠጡ።

ዝም ያለው ቤዝ

መዳቡን ጨርሼ፣ ለክቼ፣ ክዳኑን በብሎን ጠብቄ አበራሁ። ጸጥ! ደስ አለኝ። ክሩን መታሁ። አሁንም ጸጥ።

ይህ በጋሻ ሥራ ላይ የታወቀ ስሕተት ነው። የቤዝ ጃክ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ጫፉን የሚነካው ምላስ ድምፁን ይወስዳል፣ አንገቱን የሚይዘው ቀለበት ግራውንዱን። ገመዱ ሲሰካ ምላሱ ወደ ጎን ይገፋል። የእኔው ሲገፋ የጓዳውን ግድግዳ ይነካ ነበር። ግድግዳው ደግሞ አሁን መዳብ ነው፤ መዳቡ ደግሞ ግራውንድ። ድምፁ ከምላሱ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይሄዳል፤ አምፕሊፋየሩ ጋ የሚደርስ የለም። ገመዱ ሳይሰካ በቴስተር ስለካው ግን ሁሉም ደህና ነው። ስለዚህ ስትለኩ ገመዱን ሰክታችሁ ለኩ። መድኃኒቱ አንዲት ቁራጭ ናስትሮ ናት። በምላሱ ትይዩ ባለው መዳብ ላይ፣ በቮሊዩሞቹ እግሮች ትይዩም ትለጠፋለች።

ከፒክአፕ ወደ ማዞሪያ፣ ከማዞሪያ ወደ ጃክ የሚሄደውን ሽቦም የተጠለፈ የብረት ሽፋን ያለው አድርጉት። ጋሼ ካረጀ ቴፕ ራስ ላይ ነቅለው የሰጡኝ ሽቦ እስካሁን ይሠራል። የውጭው ጥልፍ ለግራውንድ፣ የውስጡ ለድምፅ። ጥልፉ ጫፉ ላይ ተበጣጥሶ አንዲት ቅንጣት የውስጡን ብትነካ ግን ወደ ጸጥታው ትመለሳላችሁ።

የክሩ ግራውንድ የሚመጣው በብሪጁ በኩል ነው፤ ክሮቹ ከታች የሚታሰሩበት ብረት። ከጓዳው እስከ ብሪጁ ሥር ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ ሽቦ ያልፋል፤ የተላጠው ጫፍ በብሪጁና በእንጨቱ መካከል ይጨመቃል። ብሪጁ ከሥሩ ቀለም የተቀባ ከሆነ ሽቦው ይነካዋል እንጂ አያስተላልፍም። ፋቅ ማድረግ ነው።

ሰዎች «ሁሉም ግራውንድ አንድ ነጥብ ላይ ካልተገናኘ ይጮሃል» እያሉ ይከራከራሉ። ለትላልቅ መሣሪያዎች እውነት ነው። ይህች መዳፍ የምታህል ጓዳ ውስጥ ግን ቮሊዩሙ በአንገቱ መዳቡን ቢነካ፣ በጀርባው ደግሞ ሽቦ ቢኖረው፣ በጆሮዬ ልዩነት ሰምቼ አላውቅም። አንድ ነጥብ ላይ መሰብሰቡ ግን ሥራውን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ስሕተት ለመፈለግም ይቀላል።

መዳብ የማያቆመው

«ዝዝዝታው» ሄደ። እጄን ከክሩ ሳነሳም ተመልሶ አልመጣም። ግን አንዱን ፒክአፕ ብቻ ስከፍት ከሩቅ አንድ ለስላሳ «ኡም» ቀረ። ስዞር ይለዋወጣል። የማግኔቱ መስክ ነው።

ጣና ዳር የሚኖር ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገል ነፋስ ያነሳውን ሞገድ ይሰብራል። ከደንገሉ ጀርባ ታንኳ ብታቆሙ አይናወጥም። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ራሱ ከፍ ሲል ግን ደንገሉ ምን ያደርጋል? ውኃው በመካከሉ አልፎ ይመጣል። መዳቡ ለኤሌክትሪክ መስክ ደንገል ነው። የማግኔት መስክ ግን ያልፈዋል። የ50 ሄርዝ መስክ መዳብ ውስጥ ገብቶ ወደ ሲሶው ገደማ እስኪዳከም 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። የእኛ ቴፕ ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛም አይሞላ። «ሁለት ድርብ ላድርገው?» ላላችሁ፣ መቶ ድርብ አድርጉት፤ ያኔም ገና ዘጠኙ አልሞላም። ቤዙም አይነሳላችሁም።

ለዚህ መፍትሔው ከጋሻ አይመጣም፤ ከአጠማጠም ነው የሚመጣው። ሁለት ጥምጥም ወስዶ አንዱን በተቃራኒ ዙር መጠምጠም፣ ማግኔቱንም መገልበጥ። ከውጭ የሚመጣው «ኡም» ማግኔቱን ስለማያይ ሁለቱ ላይ በተቃራኒ ምልክት ይገባል፤ ሲደመር ይጠፋል። የክሩ ድምፅ ግን ሁለቴ ተገልብጦ ያው ስለሚሆን ይደመራል። ሴት ላቨር (Seth Lover) የተባለው ሰው የጊታር ሠሪውን የጊብሰንን ባለሁለት ጥምጥም ፒክአፕ በ1955 በዚህ መንገድ ሠራ። ሌላው ጊታር ሠሪ ፌንደር በ1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ አንድ ጥምጥም ነበረው፤ በ1957 ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ክር ለአንዱ፣ ሁለት ክር ለሌላው ሆነ። በሥዕል የምታዩት የተዛነፈው ፒክአፕ እሱ ነው። በ1960 የመጣው ጃዝ ቤዝ ደግሞ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ፒክአፖች አሉት፤ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሲሆን ሁለቱንም እኩል ስትከፍቱ «ኡሙ» ይጠፋል። አንዱን ስትቀንሱ ይመለሳል።

የእኛ ቤዝ እንደ ጃዙ ነው። ፒክአፖቹ ግን ከሁለት ቦታ ተለቃቅመው የመጡ ናቸው። ግልባጭ መሆናቸው ዕድል ነው። ባይሆኑ ኖሮ ሁለቱንም መክፈት «ኡሙን» ያጎላው ነበር። ስትገዙ ጥንድ ግዙ፤ ካልሆነም የአንዱ ማግኔትና አጠማጠም የሌላው ተቃራኒ መሆኑን ጠይቁ።

ሌላው ግራውንድ

እስካሁን «ግራውንድ» ስል የነበረው የቤዙን የጋራ መመለሻ ሽቦ ነው። መሬት ከሚባለው አፈር ጋር በራሱ ምንም ግንኙነት የለውም። ግንኙነቱ የሚመጣው በገመዱ በኩል አምፕሊፋየሩ ጋ ሲደርስ፣ ከዚያም በአምፕሊፋየሩ ሦስተኛ ሽቦ በኩል ቤቱ አጠገብ ወደተቀበረው ዘንግ ሲሄድ ነው። በሶኬታችን ጎንና ጎን የሚታዩት ሁለት የብረት ምላሶች ለዚያ ናቸው።

ብዙ ቤት ውስጥ ምላሶቹ አሉ፤ ከኋላቸው ግን ሽቦ የለም። ርካሽ ማከፋፈያ ደግሞ ግድግዳው ያለውንም ይቆርጠዋል። ያኔ የአምፕሊፋየሩ አካል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቤዙ ላይ የሠራችሁት ጋሻም አብሮ ተንጠልጥሏል፤ ለዚህ ነው አንዱ ቤት ጸጥ ያለ ቤዝ ሌላው ቤት የሚጮኸው። ክሩን ስትነኩ ጣታችሁ ላይ ስስ ንዝረት ከተሰማችሁ ከዚያው ነው። በደህና ጊዜ ነዝሮ ይተዋል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንዲት ሽቦ ተልጣ አካሉን የነካች ቀን ግን ክሩ 220 ቮልት ነው።

በአንድ አዳራሽ፣ ስሙ ይቅርና፣ ለሠርግ ልንጫወት ቤዙን ይዤ ወደ ማይኩ ጠጋ ብል ከንፈሬን ነደፈኝ። ማይኩ በአንድ መስመር፣ አምፕሊፋየሩ በሌላ መስመር ነበር። የአንዱ መሬት የለም። ክሩ በእጄ፣ ማይኩ በከንፈሬ፣ መንገዱ እኔ። በ1972 ስቶን ዘ ክሮውስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዲሁ ማይክ ነክቶ ነው የሞተው።

ስለዚህ «ድምፁ እንዲጠፋ የመሬቱን ሽቦ ቁረጠው» የሚላችሁን አትስሙ። አንዳንዴ እውነትም ድምፁን ያጠፋዋል። አምፕሊፋየርና ሚክሰር ሁለቱም ከመሬት ሲገናኙና በድምፅ ገመድም ሲያያዙ ዙር ይፈጠራል፤ ዙሩ «ኡም» ይላል። ያን የሚፈታው ግን ዲአይ ቦክስ፣ በመሣሪያውና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን ነው። ላዩ ላይ ያለው ግራውንድ የማንሻ ቁልፍ የድምፁን ገመድ ይለያል እንጂ የመብራቱን ጥበቃ አይነካም። ቤታችሁ መሬቱ መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስለኩ። ጠርታችሁ ሳለ ፍሳሽ ሲያይ በራሱ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫም አስገቡ። ከመዳብ ቴፑ በፊት ለእሱ ብር መድቡ። እኔ ተገላቢጦሽ ነበር ያደረግኩት።

አሁን ቤዙ ደህና ነው። ሁለቱን ፒክአፖች ስከፍት ዝም ይላል። ግን የምወደው ድምፅ ወደ ብሪጁ የቀረበው ብቻውን ሲከፈት የሚወጣው ነው፤ ትዝታ ስጫወት እሱ ነው አፉን የሚከፍተው። ያኔ ያቺ ለስላሳ «ኡም» አለች። እኔም ቦታዋን አግኝቻታለሁ። ፊቴን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና፣ ከመስኮቱ በስተግራ ትንሽ ዘወር ሳደርግ ትጠፋለች። የሚያየኝ ሰው ሐይቁን እያየሁ የምጫወት ይመስለዋል። ጓደኛዬም ለእንግዳ እንደዚያ ነው የሚያወራው፤ እኔም አላርመውም።